ያልሰማሁትን የጻፍኩ ቀን

ጡረታ የወጣሁ ዕለት በጤና ጣቢያችን አዳራሽ ዳቦ ተቆረሰ፣ ለስላሳ ተቀዳ፣ አንድ ነጭ ጋቢም ትከሻዬ ላይ ተደረበልኝ። ከዚያ ከክፍለ ከተማ የመጣ አንድ ወጣት ስለ እኔ የተጻፈ ወረቀት አነበበ። የልጁ ድምፅ ያምራል፤ ወረቀቱም ያምራል። «ሲስተር ብርነሽ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ያለ አንዳች እንከን እናቶችን አዋልዳለች» ሲል ግን እጄን አወጣሁና «አንድ አለ» አልኩት። ሰው ሁሉ ሳቀ። ቀልድ ስለማበዛ አልፈርድባቸውም። ልጁም ፈገግ ብሎ ንባቡን ቀጠለ።

ቀልድ አልነበረም። እንከኑ በግል ማኅደሬ ውስጥ በማስጠንቀቂያ ደብዳቤ መልክ ተቀምጧል፤ ልጁ ማኅደሬን ገልጦ ቢሆን ኖሮ ያገኘው ነበር። ቤቴ ዊንጌት አካባቢ ነው። አሁን ጠዋት ጠዋት ለታክሲ ስለማልሰለፍ ጊዜ ተርፎኛል፤ በተረፈኝ ጊዜ ይህን እጽፋለሁ። በሥራዬ እኮራለሁ፤ በጣም እኮራለሁ። ግን የምኮራበት ነገር ያ ልጅ ያነበበው አይደለም። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ ልጀምር።

ተመርቄ ስወጣ ዕጣ አውጥቼ አራት ዓመት ገጠር ሠራሁ። መብራቱ አልፎ አልፎ ነው፣ ደመወዙም ተነግሮ አያኮራም፣ እኔም ገና ልጅ ነኝ። ብቻዬን ስለነበርኩ እጄ ቶሎ ፈጠነ፤ ምላሴም አብሮ ፈጠነ። ምጥ የያዛትን ሴት «ያኔ ሳትጮሂ አሁን ምን ያስጮህሻል» ማለት ሥራ የማወቅ ምልክት ይመስለኝ ነበር። ከእኔ በፊት የነበሩትም እንዲህ ሲሉ ሰምቻለሁ። ወደ አዲስ አበባ ተዛውሬ ቀጨኔ ስመደብ ያችን ምላሴን ይዣት መጣሁ።

ቀጨኔ የተቀበሉኝ ሲስተር የሺእመቤት ናቸው፤ ሁሉም ሰው እትዬ የሺ ይላቸዋል። አጭር፣ ቀጭን፣ ጥፍራቸውን ከሥጋቸው እኩል የሚቆርጡ፣ የጋብቻ ቀለበታቸውን እንኳ ቤት አስቀምጠው የሚመጡ ሴት ነበሩ። በሁለተኛው ቀን እኔ አንዷን እናት ስጮህባት ሰሙ። በሷ ፊት ምንም አላሉኝም። ወደ ኮሪደር ጠሩኝና ቀስ ብለው ጠየቁኝ።

«አሁን የጮህሽው በማን ላይ ነው?»

«በሷ ላይ ነዋ።»

«እሷ ሥራ ላይ ናት። ሥራ ፈትተሽ የምትጮሂው አንቺ ነሽ። ግቢና ይቅርታ ጠይቂያት።»

ገብቼ ይቅርታ ጠየቅኩ። ሴትየዋ በምጥ መሀል ሆና ግራ ገብቷት አየችኝ፤ ሐኪም ይቅርታ ሲጠይቃት የመጀመሪያዋ ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ የሺን እንደ ጥላ ተከተልኳቸው።

እትዬ የሺ የማንንም ሆድ ሳያስፈቅዱ አይነኩም። መዳፋቸውን አሻሽተው ያሞቁና «ልንካሽ ነው፤ ፍቀጂልኝ» ይላሉ። ከዚያ መልሱን ይጠብቃሉ። እኛ ወጣቶቹ ጥያቄውን ተማርነው፤ መልሱን መጠበቅ ግን ዓመት ፈጀብን። የሰው ምስጢር ሲሆን ደግሞ ከንፈራቸው እንደተሰፋ ነው። አንድ ጊዜ አንዲት ያላገባች የሰፈር ልጅ ተመርምራ ሄደች፤ አክስቷ ተከትላ መጥታ የልጅቷን ነገር ለማወቅ ብዙ ለፋች። መጀመሪያ ለመነች፣ ቀጥላ ስለ ቤተሰቡ ክብር ተናገረች፣ በመጨረሻ አለቀሰች። እትዬ የሺ ወንበር ሰጧት፣ ውኃ ሰጧት፣ ያችን አንዲት ቃል ግን አልሰጧትም። «ልጅቷን ጠይቂያት። እኔ የሷ ሐኪም ነኝ እንጂ የቤታችሁ ወሬ ነጋሪ አይደለሁም» ብለው ሸኟት።

ቁልቁለቱስ! ቀጨኔ አምቡላንስ የማይገባበት መንገድ ብዙ ነው። ምጥ የጠናባትን ሴት ከጎረቤት ወንዶች ጋር በቃሬዛ ተሸክመን ስንት ጊዜ ወርደናል። እትዬ የሺ ከቃሬዛው ጎን ጎን እየሮጡ፣ በየቆምንበት ጎንበስ ብለው የሕፃኑን ልብ ያዳምጡ ነበር።

ማዳመጫው ከእናቲቱ ሆድ ላይ የሚደገን፣ መለከት የመሰለ ዕቃ ነው፤ ፌቶስኮፕ እንለዋለን። የሰማነውን የምንጽፍበት ደግሞ ፓርቶግራፍ የሚባል አንድ ገጽ ወረቀት ነው። በየግማሽ ሰዓቱ የልብ ምቱን ቆጥረን ነጥብ እናደርጋለን፤ ነጥቦቹን በመስመር እናያይዛለን። መስመሩ ቁልቁል ከወረደ ሕፃኑ ተጨንቋል፣ ወደ ሆስፒታል መላክ አለባት ማለት ነው። ወረቀቱ ያን ጊዜ ለኛ አዲስ ነበር። እትዬ የሺ እስክሪብቷቸውን በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው አንድ ደቂቃ ሙሉ ይቆጥራሉ። ሠላሳ ሴኮንድ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት በሳቸው ዘንድ ስርቆት ነው። ቆጥረው ሲጨርሱ እዚያው እንደቆሙ ይጽፋሉ። «መጀመሪያ ጆሮ፣ ከዚያ እስክሪብቶ» ይሉን ነበር።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ሥራ በዝቶባቸው በሰዓቱ ሳያዳምጡ ካለፉ ያን ቦታ ባዶ አይተዉትም፣ ግምትም አይሞሉበትም። «አልታየም» ብለው ይጽፉና ምክንያቱን ከጎኑ ያሰፍራሉ። የሳቸው ወረቀት በ«አልታየም» የተዥጎረጎረ ነበር። አንድ ተቆጣጣሪ መጥቶ «ሲስተር፣ ወረቀትዎ አያምርም» ቢላቸው «ልጆቹ ያምራሉ» አሉት። ሰውየው ሳቀ።

እትዬ የሺ ጡረታ ወጡ። እኔም ወደ ሽሮ ሜዳ በኩል ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ተዛወርኩ፤ ስሙን አልጠራም። ከጊዜ በኋላ የማዋለጃ ክፍሉ ኃላፊ ሆንኩ። ጎበዝ ነበርኩ፤ ለምን እዋሻለሁ? ሆድ ዳስሼ የሕፃኑን ክብደት ብገምት የምስተው በጥቂት ግራም ነው። የሰፈሩ ሸማኔዎች ሚስቶች እርስ በርሳቸው «ብርነሽ ካለች ግቢ» ይባባሉ ነበር። ይህ ወሬ ሲደርሰኝ ደረቴ ይነፋል። ሰው አግዙኝ ማለት እየቀረብኝ የሄደውም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል።

ሌላም ነገር ቀርቶብኝ ነበር። በዚያን ጊዜ ቁጥጥሩ የሚያየው ወረቀቱ መሙላቱን ነው። ስለዚህ ብዙዎቻችን እናቲቱ ከወለደች በኋላ፣ እጃችንን ታጥበን፣ ወንበር ላይ አረፍ ብለን ያመለጡንን ነጥቦች እንሞላቸዋለን። ልጁ ደኅና ተወልዶ እያለቀሰ ነው፣ እንግዲህ ልቡ ደኅና ነበር ማለት ነው፣ መቶ አርባ ብንጽፍ ማን ተጎዳ? እንዲህ እንል ነበር። «አልታየም» የሚለውን ቃል የጻፍኩት መጨረሻ መቼ እንደሆነ ረስቼው ነበር።

አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ አማረች መጣች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፣ የመጀመሪያ እርግዝናዋ ነው፣ ባሏ ጴጥሮስ እዚያው ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነው። አማቷን ተደግፋ በእግሯ ነበር የመጣችው። ቀሚሷ ላይ የጥጥ ብናኝ ነበር። ምጡ እስኪጠና ድረስ ጥጥ ስትፈትል እንደቆየች እየሳቀች ነገረችኝ። በሦስት፣ በሦስት ተኩል፣ በአራት ሰዓት አዳመጥኩ። የልጁ ልብ ጥሩ ነበር።

የዚያን ዕለት አንዷ ባልደረባዬ ሥልጠና ሄዳለች፣ ሌላዋ ልጇ ታሞባታል፤ ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ነኝ። አራት ሰዓት ተኩል ላይ ሚኒባስ ውስጥ የወለደች ሴት በደም ተነክራ ገባች። የእንግዴ ልጁ አልወጣም፤ ደሙም አይቆምም። ሁለት ሰዓት ያህል ከሷ ጋር ታገልኩ። ሴትየዋ ዳነች፤ ዛሬም አልፎ አልፎ መንገድ ላይ አገኛታለሁ። በሠራሁላት ሥራ አላፍርም።

የማፍረው በሌላው ነው። ከታች ባለው ፎቅ ሁለት ነርሶችና አንድ ጤና መኮንን ነበሩ። አንድ ጊዜ ብጣራ አንዳቸው መጥቶ አማረችን ያዳምጥልኝ ነበር። አልተጣራሁም። አምስት ሰዓት ገደማ የአማረች አማት ከበሩ ላይ ብቅ ብለው «ሲስተር፣ ልጄን እይልኝ» አሉኝ። ቀና ሳልል «ደኅና ናት እማማ፣ መጣሁ» አልኳቸው። አላየኋትም እኮ። ደኅና መሆኗን በምን አወቅኩ?

ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ ስመለስ የእንሽርት ውኃው ፈስሶ አረንጓዴ ሆኗል፤ ሕፃኑ የመጨነቁ ምልክት ነው። አዳመጥኩ፤ ሰባ፣ መሆን ከሚገባው ግማሹ። ደግሜ አዳመጥኩ፤ ሰባ። አምቡላንስ ይጠራልኝ ብዬ ጮህኩ፤ ያን ጊዜ ጩኸቴ ወጣ። ግን ሕፃኑ በር ላይ ደርሷል፤ አምቡላንሱ ሳይመጣ ተወለደ። ወንድ ነው። እትብቱ አንገቱ ላይ ሁለት ዙር ተጠምጥሟል። ከታች የመጡት ሁሉ ተረባረቡ፤ በአየር መስጫው ፊኛ ግማሽ ሰዓት ያህል ተነፈስንለት። አልተነፈሰም።

አማረችን አጥቤ፣ አልብሼ፣ ሕፃኑን አስታቅፌያት ወጣሁ። ጠረጴዛዬ ላይ ወረቀቷ ነበር። በአራት ተኩልና በስድስት ሰዓት መካከል ያሉት አራት ቦታዎች ባዶ ናቸው። በማግሥቱ ቁጥጥር ይመጣል ተብሏል። እስክሪብቶ አነሳሁና መቶ አርባ፣ መቶ ሠላሳ ስድስት፣ መቶ አርባ አራት፣ መቶ አርባ ብዬ ሞላሁ፤ ነጥቦቹንም በመስመር አያያዝኳቸው። መስመሩ ያምር ነበር። ዛሬም የሚያሳፍረኝ ይኸው ነው።

በማግሥቱ ተቆጣጣሪዎቹ መጡ። ሞቱ ተመረመረ፣ ወረቀቱ ታየ፤ ልቡ እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ደኅና ስለነበር ድንገተኛ የእትብት ችግር ነው፣ ምንም ሊደረግ አይቻልም ነበር ተባለ። የጤና ጣቢያው ኃላፊ አቶ ግርማ ደግሞ ሌሎቹን «ወረቀታችሁን እንደ ሲስተር ብርነሽ ሙሉ» አላቸው። እኔም ለአማረች ቤተሰብ ያንኑ ነገርኳቸው። ልቡ ደኅና ነበር፤ የእግዜር ሥራ ነው አልኩ።

በሳምንቱ አማረች ለምርመራ መጣች። ብቻዋን ነበረች። ጡቷ ወተት ሞልቶ ያማታል፤ እሱን አየሁላት፣ ቁስሏን አየሁላት፣ ሙቀቷን ለካሁ። ልትነሳ ስትል መልሳ ተቀመጠች።

«ሲስተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እንዝርቱ ነው አይደል?»

«የምን እንዝርት?»

አማቷ ከቀብሩ በኋላ እንደነገሯት ከሆነ፣ በመውለጃዋ ወር ጥጥ ስትፈትል መዋሏ ነው ክሩን በልጁ አንገት ላይ የጠመጠመው። ቀድመውም ነግረዋት ነበር፤ አልሰማ ብላ ነው። ባሏ እንዝርቷን ነጥቆ ቆጥ ላይ ሰቀለው፤ ከሐዘኑ ጀምሮ አላናገራትም። ወደ አባቷ አገር ወደ ጋሞ ሊሰዳት ነው። ይህን ሁሉ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ። እኔ ንግግሯን አቋርጬ ክር ከሆድ ውስጥ ካለ ልጅ ጋር እንደማይገናኝ፣ እትብት በብዙ ልጆች አንገት ላይ እንደሚጠመጠምና ብዙዎቹም በሕይወት እንደሚወለዱ አስረዳኋት። አንገቷን ነቀነቀች።

«ታዲያ በምን ሞተ? ልቡ እስከ መጨረሻው ደኅና ነበር ብላችኋል።»

የሙቀት መለኪያውን መጥረግ ጀመርኩ።

«እኔማ ለረጅም ጊዜ ማንም ያልመጣ መስሎኝ ነበር» አለች። «ግን ወረቀቱ ላይ ካለ መጥተው አይተውኛል ማለት ነው። ምጥ ሰዓት አያስቆጥርም።»

ትክክል ነበረች፤ ማንም አልመጣም። ልጇን ቀብራለች፣ አሁን ደግሞ በገዛ ዓይኗ ያየችውን ለኔ ወረቀት ስትል ትታዋለች። እኔ የጻፍኩት ቁጥር ጥፋቱን ከኔ ላይ አንስቶ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ጫንቃ ላይ ነበር የጫነው። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ፈራሁ። የወተት ማስታገሻ መላ ነግሬ ሸኘኋት።

በነጋታው ቀጨኔ ወጣሁ፤ እትዬ የሺ ከመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን በታች ይኖሩ ነበር። ግቢያቸው ውስጥ ጎመን ይኮተኩታሉ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ያጽናኑኛል ብዬ ጠብቄ እንደነበር አልክድም። መኮትኮቻውን አስቀመጡና አዩኝ።

«ስንት ቦታ ነው?»

«አራት።»

«እንግዲህ አትደልዢ። በየአንዱ ላይ አንድ መስመር ብቻ አስምሪ፤ ሥሩ ይነበብ። ከጎኑ አልታየም በዪ። ለምን እንዳልታየ ጻፊ። ፈርሚበት፣ የዛሬን ቀን አድርጊበት። ከዚያ ለልጅቷ ሄደሽ ንገሪያት።»

«የሙያ ፈቃዴን ቢነጥቁኝስ እትዬ የሺ?»

«ይነጥቁሽ ይሆናል» አሉኝ። «ፈቃዱ የተሰጠሽ ግን እሷን እንድትጠብቂበት ነበር።»

ከዚያ ሌላ ነገር አልተናገሩም። ጎመን ቆርጠው በፌስታል ሰጡኝ፤ እስከ ታክሲው ድረስም ሸኙኝ።

አቶ ግርማ ክፉ ሰው አይደለም። ነግሬው ስጨርስ በሩን ዘጋ። ሕፃኑ እንደማይመለስ፣ ይህ ከወጣ ጤና ጣቢያው ስሙ እንደሚጠፋ፣ ሌሎቹ አዋላጆችም ወረቀታቸው መመርመሩ እንደማይቀር ነገረኝ። በመጨረሻ «ሲስተር፣ አጥብቆ ጠያቂ የእናቱን ሞት ይረዳል። ማንም አልጠየቀሽም እኮ» አለኝ።

«ተጠይቄያለሁ» አልኩት። «እናትየዋ ጠይቃኛለች።»

ወረቀቱን አስወጥቼ በፊቱ አራት መስመር አሰመርኩ፣ አራት ጊዜ «አልታየም» ብዬ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። «እንግዲህ ደብዳቤ መጻፌ አይቀርም» አለ፤ እኔም «ጻፍ» አልኩት።

የአማረች ቤት ከገበያው ጀርባ ነው። ስደርስ ጴጥሮስ የሽመና ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ከትቶ እየሸመነ ነበር። መወርወሪያው ወዲያና ወዲህ ሲል ከውጭ ይሰማል። ስገባ አቆመ። አማቲቱ ወንበር አቀረቡልኝ፤ አልተቀመጥኩም። ከተቀመጥኩ ወሬ የምጀምር መስሎኝ ፈራሁ። አማረች ከጥጉ ላይ የታሰረ ሻንጣ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ሻንጣውን ሳይ ትንሽ ብዘገይ ኖሮ እንደማላገኛት ገባኝ።

«አማረች» አልኳት፣ «ከአራት ሰዓት ተኩል እስከ ስድስት ሰዓት ከሩብ የልጅሽን ልብ አላዳመጥኩም። ማንም አላዳመጠም። አንቺ ያስታወስሽው ልክ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለውን የጻፍኩት ልጁ ከሞተ በኋላ ነው፤ ውሸት ነው። እንዝርቱ ምንም አላደረገም።»

መጀመሪያ የተናገሩት አማቲቱ ናቸው።

«በሩ ላይ መጥቼ ነግሬሽ ነበር።»

«አዎ እማማ፣ ነግረውኛል። ደኅና ናት አልኩዎት። አላየኋትም ነበር።»

አሮጊቷ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ከኔ ይልቅ ወደ ምራታቸው ነበር የሚያዩት። ጴጥሮስ ከጉድጓዱ ሳይወጣ ጠየቀኝ።

«ቢያዳምጡት ይተርፍ ነበር?»

«አላውቅም። ሊተርፍ ይችል ነበር። ቶሎ ብሰማው ሆስፒታል የምልክበት ጊዜ ነበረኝ።»

ይጮህብኛል፣ ይመታኛልም ብዬ ነበር። አልተንቀሳቀሰም፤ እንባው ብቻ በተወጠረው ድር ላይ ይንጠባጠብ ጀመር። አማረች ተነሳች። ወንበሩን ስባ ወጣችበትና ከቆጡ ላይ እንዝርቷን አወረደች። ባሏንም አማቷንም አላስፈቀደችም። ሻንጣው አጠገብ ተመልሳ ተቀመጠች፣ ጥጥ አነሳች፣ መፍተል ጀመረች። ይቅርታ አላደረገችልኝም፤ ሰላምም አላለችኝ። ትንሽ ቆሜ ወጣሁ።

የመጣብኝን አጠር አድርጌ ልናገር። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፣ የዚያ ዓመት እድገቴ ታገደ፣ ስድስት ወር ከማዋለጃ ክፍል ወጥቼ ክትባት ስሰጥ ከረምኩ። የሙያ ፈቃዴ አልተነጠቀም። ባልደረቦቼ ግን አኮረፉኝ፤ ወረቀታቸው ሁሉ ተመርምሮ ነበርና «ለራሷ ንስሐ ብላ እኛን አስቀጣችን» አሉኝ። ምሳ ብቻዬን የበላሁባቸው ወራት ረጃጅም ነበሩ። አማረች ወደ ጋሞ እንዳልሄደች ግን ሰፈር ስትዞር ከነበረች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሰማሁ፤ ያን ቀን የክትባት ሕፃናቱን ሁሉ ስሜ ነው የላክኋቸው።

ወደ ክፍሌ ስመለስ ሁለት ነገር አስገባሁ። አንደኛው፣ ብቻዋን የሆነች አዋላጅ ሁለተኛ እናት ስትገባባት ከታች ሰው መጥራት ውዴታዋ ሳይሆን ግዴታዋ ሆነ። ሁለተኛው የእትዬ የሺ «አልታየም» ነው። መጀመሪያ ማንም አልወደደውም፤ ያልሠሩትን በራስ እጅ መመስከር ማንን ደስ ይለዋል? ቀስ በቀስ ግን «አልታየም» የበዛበትን ሳምንት ይዘን ሰው ይጨመርልን ማለት ጀመርን፤ ተጨመረልንም። እውነተኛው ወረቀት ሰው አመጣልን። ሙሉው ወረቀት አንድም ሰው አምጥቶልን አያውቅም።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት ደግሞ ኮምፒውተር መጣ። ኮምፒውተሩ ባዶ ቦታ አይወድም። ቁጥር ካላስገባሽ ወደሚቀጥለው ገጽ አያሳልፍም። ሊያስተምረን የመጣውን ልጅ «ካላየሁትስ?» ስለው «ሲስተር፣ የሆነ ቁጥር ያስገቡና ይለፉ» አይለኝ መሰላችሁ! ያን ልጅ በዚያ ቀን ያናገርኩትን እኔ አውቃለሁ፣ እሱም አይረሳውም። አለቆቹ ዘንድ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ፤ በሦስተኛው «አልታየም» የሚል ምርጫ ገባ። ወጣቶቹ «የሲስተር ብርነሽ ሳጥን» ይሉታል። ሊያሾፉብኝ ነው ያሉት፤ እኔ ግን ከጋቢው ይልቅ ይህ ነው የሞቀኝ።

አሁን ወደ አማረች ልመለስ። ከዚያ ሐሙስ በኋላ ሁለት ዓመት አልፎ፣ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ባሏን ተደግፋ መጣች። ምጥ ይዟታል። ሌላዋን አዋላጅ፣ ሲስተር ሄለንን፣ ተቀበያት ብዬ ወደ ውስጥ ገባሁ። እኔን ማየት የምትፈልግ አልመሰለኝም። ሄለን ተመልሳ መጥታ «አንቺን ነው የምትለው» አለችኝ።

ወጣሁ። «አማረች፣ ሄለን ጎበዝ ናት» አልኳት። «ሆስፒታልም ከፈለግሽ አሁኑኑ እጽፍልሻለሁ።»

ምጡ እስኪያልፍላት ዓይኗን ጨፍና ቆየችና «ሁሉም ጎበዝ ነው» አለች። «ያልሰማችውን አልሰማሁም ያለችኝ ግን እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ልንካሽ ነው፣ ፍቀጂልኝ አልኳት፤ ፈቀደችልኝ። በየግማሽ ሰዓቱ አንድ ደቂቃ ሙሉ አዳመጥኩ። የቆጠርኩትን ድምፄን ከፍ አድርጌ ነገርኳት፤ እሷም እየደገመች ትጠራዋለች። መሀል ላይ ሌላ እናት ገባችብኝ። ሄለንን ጠራሁ፤ እኔ እስክመለስ እሷ አዳመጠች፣ እሷም ጻፈች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሴት ልጅ ተወለደች፤ እትብቱ አንገቷ ላይ አንድ ዙር ነበር። ፈታሁት። ጮኸች። እኔም እንኳን ማርያም ማረችሽ ማለት አቅቶኝ አለቀስኩ።

አማረች ታጥባ፣ ልጇን ታቅፋ ስታበቃ ወረቀቱን ያምጡልኝ አለች። ስድስተኛ ክፍል ድረስ ተምራለች፤ ቁጥር ታነባለች። ጣቷን በመጀመሪያው ነጥብ ላይ አደረገች።

«እዚህ ሰምተዋል?»

«ሰምቻለሁ።»

«እዚህስ?»

«ሰምቻለሁ።»

አንድ በአንድ፣ አንዱንም ሳትዘል ሄደች። ወደ መጨረሻው ገደማ ጣቷ ቆመ።

«እዚህስ?»

«እዚያ ላይ አልነበርኩም። የሰማችው ሄለን ናት፤ ፊርማዋ ያውልሽ።»

ፊርማውን አየች። የኔንም አየች። ከዚያ ወረቀቱን አጥፋ መለሰችልኝ። «በቃ፣ ትንሽ ልተኛ» አለችና ልጇን አንስታ እጄ ላይ ሰጠችኝ። ወደ ግድግዳው ዞረች፤ ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት።